ጥሩ ሽታ ያለው ጉዝጓዝ

ሥራዬ ደብተርና መዝገብ መጠረዝ ነው። ሐሙስ ጠዋት የመጭመቂያ ሳንቃዬ ተሰነጠቀና በብብቴ ይዤው ወደ ጎረቤቴ ወደ አናጢው ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ የእህቱ ልጅ ከታክሲ ወርዳ ስትሮጥ ከኔ ጋር ተጋጨች። ክዳን ያለው ቅርጫት ደረቷ ላይ አቅፋለች።

"ይቅርታ አባባ! አላየሁዎትም!"

"ምን ያስሮጥሻል?"

"ከክሊኒክ እየመጣሁ ነው። እስከ ማታ እህል ውሃ ካላለች ትሞታለች!"

ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጊኒ ፒግ ናት፤ ከጥንቸል የምታንስ፣ ጭራ የሌላት፣ ጆሮዋ እንደ አበባ ቅጠል የሳሳ። ሆዷ ትልቅ ነው፤ እርጉዝ ናት። ዓይኗን ጨፍና ስትተነፍስ ከደረቷ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ይወጣል።

ነገሩን አውቀው ነበር። የአናጢው ሴት ልጅ ሥራ አግኝታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ሦስት ጊኒ ፒጎቿን "አባዬ፣ አደራ" ብላ ሰጥታው ነበር። አንዷ ባለፈው ሳምንት ሞተች። ልጁ ደግሞ ለእረፍት የምትመጣው ቅዳሜ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አናጢው ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ ፊቱ ይናገራል።

የእህቱን ልጅ ተከትዬ ገባሁ። መላጊያውን አስቀምጦ ተነሣ።

"እሺ ሐኪሟ፣ ምን አሉሽ?" አላት። የእንስሳት ጤና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለሆነች በቀልድ የሚጠራት እንዲህ ነው። ዛሬ ግን ቀልድ በድምፁ አልነበረም።

"ሳንባዋ ታሟል አሉ። መድኃኒት ሰጥተውኛል። ግን አጎቴ፣ ጉዝጓዟንና መኖዋን ዛሬውኑ ካልቀየራችሁ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም ብለዋል።"

"ጉዝጓዟን? የኔን ሰጋቱራ?"

"አዎ፣ የርስዎን ሰጋቱራ።"

ፊቱ ቀላ። ወደ ጥጉ ወስዶ የሠራላቸውን ሣጥን አሳየን። ያለ አንድ ሚስማር የተገጣጠመ፣ ያማረ ሥራ ነው። ወለሉ ላይ አንድ ስንዝር የጽድ ሰጋቱራ ተነጥፏል፤ ክፍሉ አዲስ የልብስ ሣጥን እንደተከፈተ ይሸታል።

"እዚህ ቤት የገባ ሰው የእንስሳ ሽታ አለ ብሎ ያውቃል? ወንድሜ ጠራዡ፣ አንተ መስክር!"

"ማንም አላለም" አልኩ። እውነት ነበር። እኔም ሽታውን እወደው ነበር።

"ሰማሽ? በየቀኑ ከመላጊያዬ ሥር ትኩስ ትኩሱን አነሣላቸዋለሁ። አሁን ሦስት ዓመት ተምረሽ መጥተሽ እንጨት ልታስተምሪኝ ነው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!"

"እኔ ስለ እንጨት ምን አውቃለሁ አጎቴ? እንዲያውም ልጠይቅዎ። የልብስ ሣጥን ከምን እንጨት ነው የሚሠሩት?"

"ከጽድ ነዋ!"

"ለምን ከሌላ አይሠሩትም?"

"ብል አይደርስበትማ! ሽታው ብሉን ያባርረዋል። ልብሱ ላይ ዕንቁላል የጣለ እንደሆነም ትሉን ይገድለዋል። ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው ለምን መሰለሽ፣ ያ ሽታ..."

እዚህ ላይ አቆመ። እጁ አየር ላይ እንደተነሣ ቀረ።

"ይቀጥሉ እንጂ አጎቴ።"

"ብልና ይቺ አንድ አይደሉም።"

"አይደሉም። ብል ክንፍ አለው፤ ሽታው ሲያስጨንቀው ይሸሻል። እሷ በአራት ግድግዳ ውስጥ ናት፣ ወዴት ትሽሽ? አፍንጫዋ ከሰጋቱራው አንድ ጣት አይርቅም። ሽታው ሳንባዋን ያቆስላል፣ ብናኙ ይጨመርበታል።"

"እኔ አርባ ዓመት ስምገው ኖሬ የለም እንዴ!" ብሎ ገና ሳይጨርስ ሳል ያዘው። ጠረጴዛውን ተደግፎ አሳለ፣ አሳለ። ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

"እርስዎም ቢሆኑ ማታ በር ዘግተው ወደ ቤት ይገባሉ" አለችው ቀስ ብላ። "እሷ ግን እዚሁ ታድራለች።"

ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ "እሺ፤ ባዶ ሳንቃ ላይ ይተኙ? ወይስ ጭድ ላንጥፍ?" አለ።

"ጭድ ሽንት አይመጥም፤ ጫፉም ዓይናቸውን ይወጋል። የሚሻለው ውሃ የሚመጥ ጨርቅ ከሥር አድርጎ ለስላሳ ብርድ ልብስ ከላይ ማንጠፍ ነው። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ሽቶ በሌለው ሳሙና ይታጠባል። ወይም ደግሞ ቀለም ያልነካው፣ የማያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ..."

"ወረቀት!" ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ከጮህኩ ስንት ዘመኔ ነው! ደብተር ጠርዤ ጠርዙን ሳስተካክል በየቀኑ የሚወድቀው ነጭ ቁራጭ ከሱቄ ጓሮ ሦስት ጆንያ ሞልቷል። ዓርብ ዓርብ አቃጥለዋለሁ። ጎረቤቴ ቤት የሚያስፈልገውን ነገር እኔ በክብሪት ስለኩስ ኖሬያለሁ!

የሚያመኝን ጉልበቴንም የተሰነጠቀ ሳንቃዬንም ረስቼ ሄድኩ፤ ጆንያውን በጀርባዬ ይዤ ተመለስኩ። ስመጣ አናጢው ሰጋቱራውን በገዛ እጁ እየዛቀ ሲያወጣ አገኘሁት። ሣጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ፣ አደረቀ። ወረቀቱን ጎዘጎዝን። ሁለተኛዋ ጊኒ ፒግ፣ ደህነኛዋ፣ ወዲያው ገብታ ተቀበረችበት፤ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ። የታመመችው ግን እንዳስቀመጥናት ቀረች።

"አሁን መኖዋን ይንገሩኝ" አለች ልጅቷ። "ምን ስትበላ ነው የሰነበተችው?"

"ድርቆሹ በዝናብ ሻገተ። የሻገተ አልሰጥም ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ፉርሽካና ዳቦ አበላኋቸው። ከሣር እህል አይሻልም?"

"የሻገተውን መከልከልዎ ደግ ነው፤ እሱ ይገድላቸው ነበር። ዳቦው ግን ልክ አይደለም። አጎቴ፣ መሮዎ በየቀኑ አንድ ፀጉር ያህል ቢረዝም ምን ያደርጉታል?"

"በየቀኑ እሞርደዋለሁ እንጂ ምን አደርገዋለሁ።"

"የሷም ጥርስ እንዲያ ነው፤ እስክትሞት ያድጋል። ሞረዷ ሣር ነው። ዳቦ አይሞርድም። ሐኪሙ አይተዋት ጥርሷ መርዘም ጀምሯል፣ ገና ነው ብለዋል። አንጀቷም ቢሆን የሚሠራው ሸካራ ነገር ሲገፋው ነው፤ ያለ እሱ ይቆማል።"

"ድርቆሽ ከየት ላምጣ ታዲያ? ገበያው ሁሉ ሻጋታ ነው!"

"ድርቆሽ ከመድረቁ በፊት ምን ነበር?"

አናጢው አየኝ። እኔም አየሁት። ከሥራ ቤቱ ኋላ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ሁለታችንም በየቀኑ እየረገጥነው እንሄዳለን።

"እርጥብ ሣር ሆድ ይነፋል ይባላል" አለ፤ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር።

"በማሽን ታጭዶ፣ ተከምሮ የሞቀ ሣር ይነፋል። በማጭድ ቆርጠው ወዲያው ከሰጡት፣ መጀመሪያ እፍኝ፣ ሲለምዱት እየጨመሩ፣ አይነፋም። ከመንገድ ዳር ግን እንዳያጭዱ፤ ጭስ አለበት፣ ፀረ አረም የተረጨም ሊሆን ይችላል። የበቆሎ ቅጠልና የእሸቱ ሽፋንም ይሆናል። በዚያ ላይ በየቀኑ የማያቃጥል ቃሪያ ቁራጭ ይስጧቸው። ሰውነታቸው እንደኛው ቫይታሚን ሲ አይሠራም፤ ከምግብ ካላገኙት ይዳከማሉ። ደህና ድርቆሽ ሲገኝ ደግሞ ወደሱ ይመለሳሉ።"

ማጭዱን አንሥቶ ወጣ። ያን ኩሩ ሰው ተንበርክኮ ሣር ሲለቅም አየሁት። አንዷን ዘለላ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል፣ ይጥላል፤ ሌላዋን ያነሣል። እንጨት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

እፍኝ ሣር ከፊቷ አደረግን። አላየችውም። ልጅቷ መድኃኒቱን በጠብታ አጠጣቻት። አንድ ሰው ስለ ጠረጴዛው ሊጠይቅ መጣ፤ አናጢው "ዛሬ ሥራ የለም" ብሎ መለሰው። እኔም ሱቄን ረሳሁ። ሦስታችን በአንድ ሣጥን ላይ አንገታችንን አቀርቅረን ተቀመጥን። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። አናጢው ሣሩ ጠወለገ እያለ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሌላ አመጣ።

"ቅዳሜ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?" አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

አሥር ሰዓት ሲል አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗን ገለጠች። አንዲት ዘለላ ጫፏን ያዘች፤ ዘለላዋ ቀስ እያለች ወደ አፏ ገባች።

"አጎቴ! አጎቴ!"

"ዝም በይ!" አለ በሹክሹክታ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለው ሰውዬ። "ዝም በሉ፣ እየበላች ነው!"

ሣሩ በጥርሷ ሲቆረጥ ይሰማ ነበር። ሁለተኛ ዘለላ ወሰደች። ሦስተኛ! ልጅቷ እጄን ይዛ እንደ ሕፃን ትዘላለች፤ አናጢው ይስቃል፣ እንባው ግን ወርዶ ጢሙ ውስጥ ገብቷል። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው። ስለ አንድ እፍኝ ሣር ልቤ እንዲህ ይመታል ብሎ የነገረኝ ቢኖር አላምነውም ነበር።

ቅዳሜ ልጁ መጣች። እኔም ነበርኩ። አስቀድሜ "ታማ ሞተች በላት፣ ውሸት አይደለም" ብዬው ነበር። ምክሬ መጥፎ ምክር ነበር፤ አልሰማኝም። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ፊቷ ቆመ።

"ልጄ፣ ሦስት ሰጥተሽኝ ነበር። አንዷን እኔ ገደልኳት። ደግ ያደረግኩ መስሎኝ፣ ጥሩ ሽታ አለው ባልኩት ሰጋቱራ ላይ አስተኝቼ ገደልኳት። ሁለተኛዋንም ልጨርሳት ነበር።"

ልጁ ሻንጣዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ማን ነገረህ ስህተት መሆኑን?"

"የእህቴ ልጅ። ተቆጥቻት ነበር፤ ባልቆጣት ኖሮ ቶሎ እንጀምር ነበር።"

"እኔም አላውቅም ነበር አባዬ" አለች። "ሰጋቱራ እንዳለህ አውቄ፣ መኝታቸው ቀላል ነው ብዬ ነው የሰጠሁህ።" እጁን ይዛ ሣጥኑ ዘንድ ወሰደችው። የሞተችው የት እንደተቀበረች ጠየቀችው፤ ከሣሩ ዳር መሆኑን ነገራት።

ረቡዕ ዕለት እናቲቱ ሦስት ወለደች፤ ፀጉራቸው የበቀለ፣ ዓይናቸው የተገለጠ። በማግሥቱ ከእናታቸው ጎን ሆነው ሣር ይቆረጥሙ ነበር። አናጢው ሱቄ ድረስ ሮጦ መጥቶ ነው የነገረኝ፤ የተጠረዘው ሁሉ ከእጄ ወደቀ!

ብዙ አልተማርኩም። ያየሁትን ግን እጽፋለሁ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ጠፍቷል። ጥርሷ ሳይቆረጥ ልኩን ያዘ። ወረቀቴን ማቃጠል ትቻለሁ፤ የቆሸሸውም ጉዝጓዝ ከጓሮ አፈር ጋር እየበሰበሰ ለበቆሎ ይሆናል። የምንረግጠው ሣር መኖ ሆነ። ይህ ሁሉ የተገኘው አንድ ሽማግሌ የገዛ ሙያው የሚያውቀውን ነገር በልጅ አፍ ሲጠየቅ ለመስማት ስለ ፈቀደ ነው። ዕድሜ ያውቃል፤ ግን መጠየቅ አለበት። ትምህርትም ያውቃል፤ ግን ሲናገር እንደዚያች ልጅ ውሃ ቀድቶ ይሁን።

አሁን አናጢው በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ "የጽድ ሰጋቱራ ለእንስሳ መኝታ አይሸጥም" ይላል። ትናንት አንድ ጥንቸል አርቢ ጆንያ ይዞ መጥቶ "ምን አገባህ? እኔ የምፈልገው ለሽታው ነው" ሲለው ሰማሁ። አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ፣ በርጩማ ሳበለት፣ "ተቀመጥ ወንድሜ" አለው። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። የልብስ ሣጥን ከምን እንጨት ነው የሚሠራው?"