ሽንኩርት ሥር የተረፈው የስፌት መኪና

ከቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሚሄደው ታክሲ ከኋላዬ የተቀመጡት አንዲት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛና የድሮ ጎረቤቷ፣ ወሎዬው ሽንኩርት ነጋዴ ነበሩ።

«አቦይ ሰይድ፣ ትናንት ለኢንዶኔዥያ ሰው ስምዎን አነሳሁልዎ።»

«ለማን?»

«ለአሠልጣኛችን። ስፌት የት ተማርሽ አለኝ፤ በእናቴ መኪና፣ ከዝርፊያ በተረፈችው አልኩት። ‹ሌብነት ነው?› አለኝ።»

«ሌባማ ተደብቆ ነው የሚወስድ።»

«እኔም እንደሱ አልኩት። ይሄ በር ሰብሮ፣ ሰው እየደበደበ ነው አልኩት። ዝርፊያ የሚለውን በስልኬ ወደ ቋንቋው ሳስተረጉመው ‹ፐንጃራሃን› ብሎ ጻፈ። ሲያነበው ፊቱ ተለወጠ። የእናቱን ሱቅ እንደዚያ አድርገው ባዶ አስቀርተውታል።»

«እዚያም አለ? አላህ ይድረስላቸው!»

«የእናትሽ መኪና እንዴት ተረፈች ሲለኝ ስለ እርስዎ ነገርኩት። በጦርነቱ ስንሸሽ አደራ ብንሰጥዎ ሽንኩርት ከምረውባት፣ በር ላይ ቆመው ለዘራፊዎቹ ‹ከሽንኩርት በቀር ምንም የለኝ› ብለው እንደማሉ።»

«ወይ ጉድ! በሐሰት መማሌንም ነገርሽው?»

«ክሩ ከመርፌው ሳይወጣ መለሱልን አልኩት። ‹ተሪማ ካሲ በይልኝ› አለ፤ በነሱ እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው።»



«ሽንኩርት ይበላል ሰውየው?»

«ይበላል እንጂ።»

«እንግዲያው ማታ ስትመለሺ በሱቄ በኩል እለፊ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

እኔም ጎረቤቴ በጦርነቱ ጊዜ አደራ ብሎኝ የሄደውን የቤቱን ቁልፍ፣ እስክወርድ ድረስ ኪሴ ውስጥ ጨብጬው ሄድኩ።