ለመሐላው ቀን የተቀመጠ በሬ

ዛሬ ባለቤቴ ጨው እንድገዛ ገበያ ብትልከኝ፣ ይህ ያረጀ ጭንቅላቴ ነገሌ ላይ በስህተት ወደ ሩቁ ፊልቱ ከተማ የሚሄደውን ሚኒባስ አሳፈረኝ። ከፊቴ አንዲት እናትና ጎረቤታቸው የሆነ ወጣት የከብት ነጋዴ ያወራሉ።

«አዮ፣ እናቴ፣ በሬውን ለእኔ ይሽጡልኝ እንጂ።»

«ተወኝ! ልጄ የአሜሪካ ዜግነቱን ሲያገኝ ነው የሚታረደው። ያኔ መመለሻዬ ይዘጋል ብሎ ሳይፈራ መጥቶ ያየኛል።»

«ልጅዎ ሲያመለክት በሬው ጥጃ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ። ስንጠብቅ እሱ ሰባ፣ እኔ ከሳሁ።»

«ኋላ ሥጋው ጥርስዎን እንዳያስቸግር!»

«መረቁን እጠጣለሁ።»

የእናትየው ስልክ ጮኸ።

«አካም፣ ልጄ፣ ናጋ? ... ፈተናውን አለፍክ? የዜግነቱ መሐላ ብቻ ቀረ?»

ነጋዴው ከመቀመጫው ተነሣ። «እልል ይበሉ እንጂ፣ አዮ!»

«ዝም በል፣ በሬው እንዳይሰማ!»

«ወራጅ» ልል የከፈትኩትን አፌን የወሬውን መጨረሻ ልስማ ብዬ መልሼ ዘጋሁት፤ የባለቤቴ ጨው እስካሁን አለብኝ።