ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

ቃሊቲ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ሰይድ የሚባል ደንበኛዬ፣ የጅቡቲ መስመር ሹፌር፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ለሁለተኛ ጊዜ አቃጥሎ መጣ። ፈትቼ ሳየው ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ተበልቷል። "አሁንም ከደገመኝ መኪናውን እሸጠዋለሁ" አለ ተናዶ። አዲስ ገጠምኩለትና "እስቲ አስነሳና እንደ ልማድህ አጥፋው" አልኩት። ነዳጅ ረግጦ አንዴ አስጮኸውና ቁልፉን ዘጋ። የድሮ ሹፌሮች "ጉሮሮውን ይጥረግ" እያሉ ያስተማሩት ነው። "በል አሁን ስማ" አልኩት። ሞተሩ ፀጥ ብሏል፤ ቱርቦው ግን ገና ያፏጫል። "ዘንጉ የሚሽከረከረው ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው። ሞተሩን ስታጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ እሱ ግን በደረቁ ይዞራል። ከመንገድ ስትገባ ነዳጅ ሳትረግጥ ትንሽ በሚኒሞ አቆየውና ይብረድለት።" ሰይድ ፉጨቱ እስኪያልቅ አዳመጠ። "እኔም እኮ እንደዚሁ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ቤት ገብቼም ጭንቅላቴ መንገድ ላይ ነው።"

ሰሞኑን ደውዬ ስለ ቱርቦው ጠየቅኩት። "ደህና ነው። ቤቴ በር ላይ እስኪበርድ ጋቢና ውስጥ ቁጭ እላለሁ" አለኝ። ከዚያም ቀጠለ፦ "ልጆቼ ድሮ የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ፈርተውኝ ጓዳ ይገቡ ነበር። አሁን ሞተሩ ሳይጠፋ ጋቢና ወጥተው አጠገቤ ይቀመጣሉ።"