ባለ አንበሳ ምልክቷ መኪና

ትንንሽ የመጫወቻ መኪኖችን ከነካርቶናቸው እሰበስባለሁ፤ ያውም ባለ አንበሳ ምልክቶቹን ብቻ። የዳባቱ ባልንጀራዬ ሙሉነህ ደግሞ ባለ ኮከብ ምልክት ካልሆነ አይነካም። የትኛው ፋብሪካ ይበልጣል፣ የትኛውስ የበለጠ ዋጋ ያወጣል እያልን ስንከራከር ኖረናል። በቀደም ደባርቅ ገበያ አብረን ስንዞር፣ ለዓመታት የተመኘኋትን ባለ አንበሳ ምልክት ቀይ የጭነት መኪና ካርቶኗ ሳይከፈት ከአለሚቱ ሱቅ አየኋት። ባለሱቋ አለሚቱ ዋጋውን ስትነግረኝ፣ በገበያው ወግ ለማስቀነስ ስል ዕቃውን ማጣጣል ጀመርሁ። «ይህ እንኳ ቀለሙ ቶሎ የሚለቅ ነው» አልሁ።

የሙሉነህ ፊት በራ። «እሰይ! እስቲ ኮከቡ ይሻላል በላት!»

መኪናዋን ማጣት አልፈለግሁምና ጥርሴን ነክሼ፣ «ኮከቡ ይሻላል» አልሁ።

አለሚቱ ግን ዕቃውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «መምህር፣ ልጆቼን ያስተማሩልኝ እርስዎ ነዎት። እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ለእርስዎ ብሸጥ ሰው ምን ይለኛል?» አለችና፣ ለልጁ መጫወቻ ፍለጋ ለገባ አንድ ከጊች መንደር የመጣ በቅሎ ነጂ በርካሽ ሸጠችለት። እርሱም ካርቶኑን ዐይኔ እያየ ቀድዶ ጣለውና መኪናዋን ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ሊወጣ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «አባቴ፣ ለልጄ ትበረክትላት ይሆን?»

«ልጅህ አድጋ ለልጇ ታወርሳታለች!» ብዬ ጮኽሁ።

አለሚቱና ሙሉነህ ዘወር ብለው አዩኝ።