የአባፎጊ ቡና መፈልፈያ ከማን ያንሳል?

አባፎጊ ከሸኮ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚሄደው ሚኒባስ የተሳፈሩት ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩበትን የቡና መፈልፈያ ለመሸጥ ነበር። ገዢው እዚያ ሆኖ ይጠብቃቸዋል፤ የማሽኑ ሰነድ በፌስታል ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። አጠገባቸው አንዲት ወጣት ሴት ስትቀመጥ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። «አሰላሙ ዓለይኩም አባባ» ስትላቸው ግን የጎረቤታቸው የሳፊያ ልጅ ነጅዋ መሆኗን አወቁ። ነጅዋ ሚዛን ውስጥ ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ትምህርቷም የንግድ ሥራ አመራር ነው። እናቷን ጠይቃ መመለሷ ነበር።

ወዴት እንደሚሄዱ ብትጠይቃቸው አልደበቋትም።

«ደንበኛ ሸሸኝ ልጄ። የሸኮ ገበሬ በደጄ እያለፈ ቡናውን ጭኖ ቴፒ መፈልፈያ ያለው ካሣዬ ዘንድ ይወስዳል። ያን ሁሉ መንገድ! የሰው ዐይን ነው የበላኝ፤ ሌላ ምክንያት የለውም።»

ነጅዋ ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «ከመቶ ኪሎ ጀንፈል ስንት ኪሎ ቅሽር ይወጣልዎታል?» አለች። ጀንፈል ከነገለፈቱ የደረቀው ቡና ነው፤ ተፈልፍሎ ሲወጣ ቅሽር ይባላል።

«አርባ ስድስት።»

«አርባ ስድስት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «ከአምናው አላነሰም» አሉ አባፎጊ።

«አምናም አንሶ ከነበረስ?»

ራሱን ከራሱ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ነጋዴ ቁመቱን በገዛ ክንዱ እንደሚለካ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ያው ነው። አባፎጊም እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲሁ ነበሩ።

«የሰው ቤት እያዩ መኖር ምቀኝነት ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ሪዝቅን፣ የሰውን ሲሳይ፣ የሚያከፋፍለው አላህ ነው።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን ምቀኛ የሚመኘው ሌላው እንዲጎድል ነው፤ እኔ የምልዎት የራስዎን ጉድለት እንዲያዩ ነው። ጤና ጣቢያ ሕፃን ሲመዘን፣ ሰባት ኪሎ ነው ቢባል ምን ይገባዎታል? በዚያ ዕድሜ ያሉ ሌሎች ሕፃናት ስንት እንደሚመዝኑ ካላወቁ፣ ይክሳ ይወፍር በምን ይለያሉ?»

«እና ከጅማ ትልልቅ ፋብሪካዎች ጋር ልፎካከር?»

«የለም፤ ያ ሕፃንን ከጎልማሳ ጋር መመዘን ነው። የእርስዎን የሚያህል ማሽን ይዘው ይህንኑ የአገራችንን ቡና የሚፈለፍሉትን ይፈልጉ። አንዱን ብቻ አይመልከቱ፤ እሱም ቀን ሊጎድልበት ወይም ሊሞላለት ይችላል። ሦስቱን ይዩ። ቡናው ግን ከአንድ ክምር ይሁን።»

«ካሣዬ ደጅ መሄዴ ነው? ወንድሜ ሲሞት ለቅሶ አልደረሰኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሰላም ተባብለን አናውቅም።»

«ሽያጩ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ምን ይጎዳዎታል? ከዚያ በኋላ ቢሸጡም ለምን እንደሸጡ ያውቃሉ።»

ገዢው ሁለት ሳምንቱን የሰጠው ዋጋ እንደሚቀንስ አስጠንቅቆ ነው። አባፎጊ ግን አንድ ክምር ጀንፈል ደባልቀው አራት ኩንታል አደረጉ። አንዱን እቤታቸው፣ አንዱን ሚዛን፣ አንዱን ሸዋ ቤንች አስፈለፈሉ። አራተኛውን ጭነው ቴፒ ካሣዬ ደጅ ደረሱ።

ካሣዬ ሲያያቸው ማሽኑን አጠፋ። «ማሽንህ ተሰበረ እንዴ?»

«አልተሰበረም። ከአንተ ጋር ላመዛዝነው ነው የመጣሁት። ዋጋውን እንደማንም ደንበኛ እከፍላለሁ።»

«ሌላው ቢሆን ሰው ይልክብኝ ነበር» አለ ካሣዬ። «አንተ ራስህ መጣህ። አውርደው።»

ቅሽሩ ሲመዘን ከሚዛን ሃምሳ፣ ከሸዋ ቤንች አርባ ዘጠኝ፣ ከካሣዬ ሃምሳ አንድ ኪሎ ወጣ። የአባፎጊ ብቻ አርባ ስድስት ሆነ፤ የተሰበረውም ፍሬ ከሁሉም ይበልጣል።

«የማሽንህን ወንፊት የቀየርከው መቼ ነው?» አለ ካሣዬ።

«አራት ዓመት ይሆነዋል።»

«እኔ በየዓመቱ እቀይራለሁ። ሲያልቅ ፍሬውን እየሰበረ ከገለፈቱ ጋር ይጥለዋል።»

አባፎጊ ቤታቸው ተመልሰው የገለፈት ክምራቸውን በእጃቸው በተኑት። ስብርባሪ ቡና በመዳፋቸው ሙሉ ወጣ። የሰው ዐይን ሲሉት የኖሩት ያለቀ ወንፊት ኖሯል። ከሁሉ ያሳፈራቸው ግን ሌላ ነበር፦ ከእያንዳንዱ ኩንታል የጎደለው አራት ኪሎ የገበሬው ላብ ነው፤ እሳቸው ግን እየረገሙ የኖሩት የሸሻቸውን ያንኑ ገበሬ ነበር።

ለገዢው እንደማይሸጡ ነገሩት፤ ወንፊቱንም ለወጡ።

ነጅዋ በሌላ ጊዜ ስትመጣ እንዲህ አሏት፦ «ያልሽው ጠቀመኝ ልጄ። ሰው ሲሸሸኝ ማንን እንደምወቅስ ብቻ ነበር የማውቀው፤ አሁን ምን እንደማስተካክል አወቅሁ። ደግሞ የካሣዬ ማሽን ለመቶ ኪሎ ከእኔው የበለጠ ናፍጣ ይጠጣል፤ ይህንንም ባላመዛዝን ኖሮ አላውቀውም ነበር። እሱም መጥቶ አሠራሬን አይቶ ሄደ። ከእንግዲህ በየዓመቱ አራታችንም ባለ መፈልፈያዎች ተገናኝተን እንተያያለን።»

ነጅዋ በራፉ ላይ ቆማ ሳለች ንጋቷ የተባሉ ገበሬ ሁለት ኩንታል በአህያ ጭነው ደረሱ። ሁለት ዓመት ቴፒ ሲመላለሱ የነበሩ ሴት ናቸው።

«ወንፊት ለውጠዋል ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «አሁን ከመቶው ስንት ይወጣል?»

የድሮው አባፎጊ ቢሆኑ ከእኔ የሚበልጥ የለም ብለው ይምሉ ነበር። «የእኔ ሃምሳ ነው» አሉ። «የካሣዬ ሃምሳ አንድ። አልዋሽዎትም።»

ወይዘሮ ንጋቷ የአህያዋን ጭነት መፍታት ጀመሩ። «ለአንድ ኪሎ ቴፒ ድረስ የምሄድበት ምን እዳ አለብኝ» አሉ።