ናይሮቢን ሊትዌንያ ያደረገ ሠንጠረዥ

(ዓርብ ረፋድ፣ በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ የኮምፒውተር ክፍል፤ የቀዶ ጥገና ዋርድ ኃላፊዋ ሲስተር ዘርፌ እንደቆመች፣ የሆስፒታሉን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድረው አቶ ልሳነወርቅ እንደተቀመጠ።)

ልሳነወርቅ፦ አውቶቡስ ላይ ነው የሰማሁት፤ ገና ጎረምሳ ሳለሁ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። አንዱ «ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ውረድ» ይላል። ሌላው «ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆየ እኮ» ይለዋል። ያኛው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወፍጮ ቤቱ ቢፈርስ፣ አጠገቡ መች ፈረሰ!» ከዚያ ወዲያ ያለውን ረስቼዋለሁ። ሰውዬው ይውረድ አይውረድ እንኳ...

ዘርፌ፦ ጋሽ ልሳኑ፣ እኔ የመጣሁት ስለ እግር ነው።

ልሳነወርቅ፦ እኔም ስለ እሱ ነው የምነግርሽ።

ዘርፌ፦ ስለ ወፍጮ ቤት ነው የሚነግሩኝ። ልድገምልዎት። ዋርድ ውስጥ አንድ ሸማኔ ተኝቷል። ቅልጥሙ ላይ እብጠት ወጣበት። ከእብጠቱ ተቆንጥሮ ናይሮቢ ላለ ላብራቶሪ ተላከ። ካንሰር ከሆነ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ይቆረጣል። የአጥንት ቲቢ ከሆነ ክኒኑን እየዋጠ ወደ ሸማው ይመለሳል። ዶክተር ያየህይራድ ደግሞ ከሰኞ ወዲያ አልጠብቅም ብሏል፤ ካንሰር ከሆነ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ላብራቶሪው ውጤቱን ደጋግሞ ልኳል። የእርስዎ ማሽን ደጋግሞ መልሶበታል።

ልሳነወርቅ፦ ማሽኑ የእኔ አይደለም፤ የመንግሥት ነው።

ዘርፌ፦ ሲመልስ ግን የእርስዎን ቃል ሰምቶ ነው። ደውዬላቸው ነበር። ልጅቷ ተቀይማለች። ከእኛ የደረሳትን መልስ አነበበችልኝ፤ «ከአገራችሁ መልእክት አንቀበልም» ይላል። «ምን አደረግናችሁ?» አለችኝ። ምን ልበላት?

ልሳነወርቅ፦ በስልክ ታንብብልሻ።

ዘርፌ፦ የታካሚ ውጤት በስልክ አይነበብም።

ልሳነወርቅ፦ በግል ኢሜይልሽ?

ዘርፌ፦ እሱንም አይልኩም። የሆስፒታሉ አድራሻ ብቻ። ሕግ አላቸው።

ልሳነወርቅ፦ ሕግ ያለው ሰው ደስ ይለኛል። ግን ኬንያን አልከለከልኩም እኮ። የተፈቀደች ናት። ቆይ፣ ልይልሽ... ይኸው። የላኩበት ቁጥር ይሄ ነው። ማሽኑ ሊትዌንያ ነው የሚለው።

ዘርፌ፦ ምንድን ነው እሱ?

ልሳነወርቅ፦ አገር ነው። ብርድ ነው አሉ።

ዘርፌ፦ ናይሮቢ ብርድ አገር ሄደች?

ልሳነወርቅ፦ ናይሮቢማ እዚያው ናት። ቁጥሩ ነው የተዛወረው። ስሚኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ ማሽን ሁሉ የአይፒ ቁጥር አለው። ቁጥር ግን አገር የለውም፤ ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ከድርጅት ድርጅት ይሄዳል። የትኛው ቁጥር የት አገር እንዳለ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። እኛ በር ላይ ያቆምነው እሱን ነው። መልእክት ሲመጣ ማሽኑ ሠንጠረዡን «ይሄ ከየት ነው?» ይለዋል። ከምንጻጻፈው አገር ከሆነ ይገባል፤ ካልሆነ ይመለሳል።

ዘርፌ፦ ማን አመጣው ይሄን?

ልሳነወርቅ፦ ያኔ የደመወዝ ክፍሏ ልጅ «ውርስ ደርሶሻል» የሚል መልእክት ከፍታ፣ ቫይረስ ገብቶ፣ ሆስፒታሉ ስንት ቀን ያለ ኢሜይል አልቀረም? ከዚያ በኋላ ነው።

ዘርፌ፦ ሌቦቹ ታዲያ ቀሩ?

ልሳነወርቅ፦ እነሱማ ከተፈቀደ አገር ቁጥር ተከራይተው ይገባሉ።

ዘርፌ፦ ሌባው ይገባል፤ ላብራቶሪው ይመለሳል።

ልሳነወርቅ፦ እንዲያ ሲባል ደስ አይልም።

ዘርፌ፦ ሠንጠረዡ የመቼ ነው?

ልሳነወርቅ፦ የቆየ ነው።

ዘርፌ፦ ምን ያህል የቆየ?

ልሳነወርቅ፦ የልጅሽ ክርስትና ጊዜ አዲስ ነበር።

ዘርፌ፦ ልጄ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል።

ልሳነወርቅ፦ እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ዘርፌ፦ አሜን። አዲስ ሠንጠረዥ የለም?

ልሳነወርቅ፦ በየሳምንቱ ይወጣል። በነፃ። ቁጭ ብዬ ትእዛዙን ብጽፍ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ዘርፌ፦ ይጻፉታ!

ልሳነወርቅ፦ ኮሚቴው ሳይወስን?

ዘርፌ፦ የምን ኮሚቴ?

ልሳነወርቅ፦ የመረጃ ሥርዓት ለውጥ አጽዳቂ ኮሚቴ። ሰርቨሩ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

ዘርፌ፦ አንድ ቁጥር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሄድ እዚህ ኮሚቴ ይቀመጥለታል?

ልሳነወርቅ፦ መሄዱን ይሂድ። መሄዱ እኛ ጋ የሚታወቀው ግን ሲጸድቅ ነው። አንቺስ ቀበሌ ስትቀይሪ መሸኛ አላመጣሽም? ሰፈሩ ሁሉ እያየሽ፣ ዕቃሽ ወርዶ፣ ልጅሽ ግቢው ውስጥ እየሮጠ፣ ያለ መሸኛ «የለሽም» አላሉሽም?

ዘርፌ፦ ብለውኛል። ይሄስ ቁጥር መሸኛ ከማን ያምጣ? ከሊትዌንያ ቀበሌ?

ልሳነወርቅ፦ ቀልጂ አንቺ።

ዘርፌ፦ እኔ እየቀለድኩ አይደለም። ኮሚቴው እነማን ናቸው? አሁን ሄጄ ልሰብስባቸው።

ልሳነወርቅ፦ ሦስት ነን። ጸሐፊው እኔ። ሰብሳቢው ዶክተር ያየህይራድ።

ዘርፌ፦ እግሩን የሚቆርጠው?

ልሳነወርቅ፦ እሱው። ስብሰባ በጠራሁ ቁጥር ኦፕራሲዮን ላይ ነው።

ዘርፌ፦ እሱን ለእኔ ይተዉት። ጓንቱን ሳያወልቅ አስፈርመዋለሁ። ሦስተኛውስ?

ልሳነወርቅ፦ አቶ ሙሉሰው። የፋርማሲው።

ዘርፌ፦ አቶ ሙሉሰው ጎባ ተዛውሮ የለም እንዴ!

ልሳነወርቅ፦ ተዛውሯል። ሸኝተነዋል፤ ጋቢም አልብሰነዋል። ዝርዝሩ ላይ ግን እዚህ ነው።

ዘርፌ፦ ኮሚቴውም ሊትዌንያ ነው ይበሉኛ።

ልሳነወርቅ፦ አባል ለመተካት ኮሚቴው መወሰን አለበት።

ዘርፌ፦ ሦስቱም በተገኙበት?

ልሳነወርቅ፦ ሦስቱም በተገኙበት።

ዘርፌ፦ ይሄን ሲናገሩ ለራስዎ አይሰማዎትም?

ልሳነወርቅ፦ ይሰማኛል። ለምጄው ነው። አየሽ ሲስተር፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው ይሳሳታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው።

ዘርፌ፦ የእናንተ ድር አንበሳ አላሰረም። ያሰረው ሸማኔ ነው። ለላብራቶሪው ብቻ በጎን አይከፈትም?

ልሳነወርቅ፦ በብዙ ቁጥር ነው የሚልኩት። አንዱን ብከፍት በሌላው ይመጣና ይመለሳል። ደግሞ ትንሽ ለውጥም ለውጥ ነው፤ ማሽኑ ይመዘግበዋል።

ዘርፌ፦ ይመዝግብ! ምን ያመጣል?

ልሳነወርቅ፦ ኦዲተር ያመጣል። አንድ ጊዜ ሠንጠረዡን ሳልጠይቅ አድሼው ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ እንዲያውም የዓለም የጤና ሰዎች ወርክሾፕ የጠሩበት መልእክት ሁሉ መግባት ጀመረ። ከዚያ ኦዲተር መጣ። «ማን ፈቀደልህ?» አለ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ አሮጌውንም መልስ ተባልኩ።

ዘርፌ፦ ትክክለኛውን አንሥተው የተሳሳተውን መለሱ?

ልሳነወርቅ፦ የተሳሳተው የጸደቀ ነበር።

ዘርፌ፦ አዲሱ ግን ትክክል ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ሠንጠረዡ ትክክል ነበር። ፈቃድ ያልነበረኝ እኔ ነኝ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ደግሞ የለም፤ ስንብት ነው። እኔ ይሄን ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ፤ መጽሐፍ እየተዋስኩ፣ ሰው ሲያወራ ጆሮዬን ጥዬ ነው የለቀምኩት። ከዚህ ብወጣ የማሳየው ወረቀት የለኝም። ጡረታዬ ደጅ ላይ ደርሶ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ብትዪኝ አልቀየምም።

ዘርፌ፦ እኔ እንዲያ አልልም። ፈሩ፤ ያስፈራል። ጋሽ ልሳኑ፣ የሥላሴ ማኅበርተኛ ነዎት አይደል?

ልሳነወርቅ፦ ነኝ። ምን አመጣው?

ዘርፌ፦ አብርሃም እንግዳ ሳይመጣ እህል አይቀምስም ነበር። ሦስት ቀን ጦሙን ያደረው ለምን ነበር?

ልሳነወርቅ፦ ሰይጣን መንገድ ላይ ቆሞበት ነዋ። ራሱን ፈንክቶ፣ ደሙን አፍስሶ፣ «የድሮው አብርሃም መሰላችሁ? ደብድቦ፣ ገፎ ሰደደኝ፤ ተመለሱ» እያለ እንግዳውን ይመልስበት ነበር።

ዘርፌ፦ አብርሃምስ?

ልሳነወርቅ፦ ድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ያያል። ምን ያውቃል።

ዘርፌ፦ እሱ አላወቀም። እርስዎ አወቁ።

ልሳነወርቅ፦ ሠንጠረዡን ሰይጣን ነው እያልሽኝ ነው?

ዘርፌ፦ እኔ ስለ ሠንጠረዥ ምን አውቄ። በእርስዎ ስም መንገድ ላይ የቆመ አለ፤ እንግዳ እየመለሰ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት አላወቁም ነበር። አሁን ግን ያውቃሉ። ሌላ ምን አልኩ?

ልሳነወርቅ፦ አብርሃም ኦዲተር አልነበረበትም።

ዘርፌ፦ እሺ። እንግዲያው ይነሡ።

ልሳነወርቅ፦ የት?

ዘርፌ፦ ዋርድ። እርስዎ ይንገሩት። እኔ የሕክምናውን መናገር እችላለሁ፤ ይሄኛውን አልችልበትም። «ውጤትህ መጥቷል፤ በራችን ላይ ነው፤ ማስገባትም እችላለሁ፤ ግን አንድ አባላችን ጎባ ሄዷል» ይበሉት። እንደ ነገሩኝ ቀስ ብለው ከነገሩት ይገባዋል። ጨዋ ሰው ነው።

ልሳነወርቅ፦ ምን ይላል እሱ?

ዘርፌ፦ ምንም አይልም። ትናንት አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ደኅነኛ እግሩን ሲያነሣ ሲጥል አገኘሁት። ያነሣል፣ ይጥላል። «ምን ትሠራለህ?» አልኩት። «የሸማ ዕቃ መርገጫው ሁለት ነው፤ አንዱን እግር ለሁለቱም እያስለመድኩት ነው» አለኝ።

ልሳነወርቅ፦ በአንድ እግር ይሸመናል?

ዘርፌ፦ እኔም ጠየቅኩት።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለሽ?

ዘርፌ፦ «ይሸመናል፤ መጥፎ ጋቢ ይወጣል» አለኝ። ይነሡ እንጂ።

ልሳነወርቅ፦ አልነሣም። ያቺን ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ጥላሽ ስክሪኑ ላይ ወደቀብኝ።

ዘርፌ፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

ልሳነወርቅ፦ ዝም በይ፤ ስጽፍ ሰው ካወራብኝ አንድ ፊደል እስታለሁ። ... ይኸው፣ እየወረደ ነው። ኔትወርኩ ዛሬ አላስቸገረም፤ እሱም የራሱ ተአምር ነው።

ዘርፌ፦ ናይሮቢስ?

ልሳነወርቅ፦ ቆይ... የላኩበትን ቁጥር ልጠይቀው። ኬንያ። ናይሮቢ። በመጀመሪያው ሙከራ ነው የተሳካው።

ዘርፌ፦ እመቤቴን! አለቀ?

ልሳነወርቅ፦ አላለቀም። እዚህች ቦታ ላይ «ያጸደቀው» ይላል። ካልተሞላ ሥራ ላይ አይውልም። እንዲህ እንዲጠይቅ ያደረግኩት እኔው ነኝ፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ።

ዘርፌ፦ «ኮሚቴው» ብለው ይሙሉታ። ማን ያያል?

ልሳነወርቅ፦ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ጾም ነው።

ዘርፌ፦ በፍስኩስ ይዋሹ ነበር?

ልሳነወርቅ፦ በፍስኩም አልዋሽም። ዓርብን ያነሣሁት ሰበብ እንዲሆነኝ ነው።

ዘርፌ፦ ጋሽ ልሳኑ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ውጤቱ ክፉ ሊሆን ይችላል። ካንሰር ነው ሊል ይችላል። ያኔ እግሩም ይሄዳል፣ እርስዎም በከንቱ...

ልሳነወርቅ፦ ክፉም ቢሆን የእሱ ነው። ከእኔ ደጅ መመለስ የለበትም። አንብቢው፤ ቢቆረጥም ታውቆ ይቆረጥ።

ዘርፌ፦ ኦዲተሩ ሲመጣስ?

ልሳነወርቅ፦ ወደ አንቺ ዋርድ እልከዋለሁ። አንቺ ታስተናግጂዋለሽ።

ዘርፌ፦ አስተናግደዋለሁ። ባዶ አልጋ አላጣም።

ልሳነወርቅ፦ ደግሞ አንዴ ከገባሁበት ላይቀር፣ በየማክሰኞው አዲሱን ራሱ እንዲያወርድ አዝዤዋለሁ። እኔ ብሰናበትም ያወርዳል። በይ፣ ሞልቼዋለሁ፤ ለልጅቷ ደውይላት፤ አሁን ትላከው። ይቅርታም ጠይቂልኝ።

ዘርፌ፦ እየደወልኩ ነው... ይጠራል። ምን ብለው ሞሉት?

ልሳነወርቅ፦ «ያጸደቀው፦ ልሳነወርቅ ይመር። ምክንያት፦ ናይሮቢ ያለችው ናይሮቢ ስለሆነ።»