ከቆሻሻ ማከማቻ ስለወሰድኩት የሸምበቆ መሣሪያ ሣጥን

ቃል ሰጪ፦ ኦዲል ሮስታን
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የኦቦ (የትንፋሽ ሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋችና የሸምበቆ ምላስ ሠሪ
አድራሻ፦ ኮጎላን፣ ቫር፣ ፈረንሳይ
ቀንና ሰዓት፦ ማርች 15 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ቲቦ ማልኖ

ረቡዕ ማርች 13 ቀን፣ ከቀኑ 7፡15 ላይ፣ የቆሻሻ ማከማቻውን አጥር ተሻግሬ አንድ የእንጨት ሣጥን መውሰዴን አምናለሁ። ጥበቃው አንዴ የተጣለ ዕቃ እንደማይወጣ ነግሮኝ ለምሳ ሄዶ ነበር። በ8 ሰዓት ብረታ ብረቱን የሚጭነው መኪና ስለሚመጣ እሱ እስኪመለስ አልጠበቅሁም።

ሣጥኑ የጎረቤቴ የሙሴ (የአቶ) ሲፕሪያን ኦዲቤር ነው። ዕድሜያቸው 79 ሲሆን፣ በኦቦ ጫፍ ላይ የሚገባውንና ሲነፋ ድምፅ የሚሰጠውን ጥንድ የሸምበቆ ምላስ በመሥራት ሃምሳ ዓመት አሳልፈዋል። ሙያውን ለእኔም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሣጥኑ ውስጥ የሸምበቆ መሰንጠቂያ፣ መቦርቦሪያ፣ ቢላዎችና እሳቸው ራሳቸው ሞርደው የሠሩት የብረት ቅርጽ ማውጫ አለ። ሸምበቆው በዚህ ብረት ላይ ታጥፎ ይታሰርና ግራ ቀኙ በቢላዋ ይቆረጣል። ብረቱ በፀጉር ያህል ቢለይ ድምፁ ሌላ ይሆናል፤ ምትክ የለውም።

ባለፈው ኖቬምበር ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተዘጋ፤ ቀኝ እጃቸውም ዛለ። ልጃቸው ኤርቬ ከሊዮን መጥቶ ቤቱን ያጸዳ ጀመር። ረቡዕ ረፋድ ላይ ስለ ሣጥኑ ስጠይቀው መጣሉን ነገረኝ። በክፋት አልነበረም። "አባቴ ከእንግዲህ ቢላዋ አይጨብጥም፤ ሣጥኑን ማየት አልቻልኩም" አለኝ። ወዲያው መኪናዬን አስነስቼ ወደ ማከማቻው ነዳሁ።

ሣጥኑን ከአሮጌ ምድጃ ሥር አገኘሁት። ስወጣ ሱሪዬ በአጥሩ ሽቦ ተቀደደ። ቤቴም ሳልገባ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሙሴ ሲፕሪያን ካሉበት ማገገሚያ ደረስኩ። ነርሷ አንድ ቢላዋ ብቻ፣ ያውም እሷ አጠገባችን ቆማ እንድናወጣ ፈቀደች።

ብረቱን ግራ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ብዙ ዳሰሱት። እርጥብ ሸምበቆ አጥፌ አሰርኩበትና ደገፍኩላቸው። የዛለውን ቀኝ እጃቸውን በግራው ጎትተው እጄ ላይ አሳረፉት፤ ከዚያ ቢላዋውን በግራ ይዘው አንዱን ጎን ቆረጡ። ሸምበቆው ተሰነጠቀ። ቢላዋውን አዩት፣ እኔን አዩኝና፣ ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ተናገሩ። "ዶልዱሟል" አሉ።

ነርሷ ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። እኔ አለቀስኩ፤ ይህንንም አልደብቅም።

ለኤርቬ ደወልኩለት። 11 ሰዓት ላይ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አባቱ ቢላዋውን ወደ እሱ ገፉና "ሳለው" አሉት። ኤርቬ ሙያውን ተምሮ አያውቅም፤ ነገር ግን ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠ፣ ከሣጥኑ ያወጣሁትን የመሳያ ድንጋይ ተቀበለኝ፣ እራት እስኪመጣ ድረስ ሲስል አመሸ። ሙሴ ሲፕሪያን ስለቱን በጥፍራቸው እየሞከሩ ሦስት ጊዜ መለሱበት፤ በአራተኛው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

መርማሪው ሣጥኑ አሁን የት እንዳለ ጠይቆኛል። ማገገሚያው ውስጥ ነው፤ ነርሷ የጠራቻት ሐኪም በመሣሪያዎቹ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የእጅ ልምምድ እንዲያደርጉ አዛለች። አጥር በመዝለሌ ቅጣት ቢኖር እቀበላለሁ። ዕቃውን መልሺ ብባል ግን አልመልስም፤ ይህም በቃሌ ውስጥ እንዲሰፍር ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ እኔ ያልኩት፣ የሆነውም እንደዚሁ መሆኑን ተነብቦልኝ አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ኦዲል ሮስታን (ፊርማ)
ቲቦ ማልኖ (ፊርማ)